ከሳሎኔ እስከ ጋዝጊብላ

ሳይታመምና ሳይሞት በቃሬዛ አማቶቹ ቤት የገባ ሰው በመካከላችሁ ካለ እጁን ያውጣ። የለም አይደል? ጠርጥሬ ነበር። እንግዲያው ይህን ጨዋታ እኔው ብቻዬን ልጫወተው ነው።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ብስክሌቱ ላይ ይወጣል፣ የፈለገበት ደርሶ ይወርዳል፣ በቃ። ዳገት የሚባለውን ነገር የማውቀው በጂኦግራፊ ትምህርት ነበር፤ እሱንም ፈተና ላይ አይመጣም ብዬ ዘልዬዋለሁ። ሥራ ይዤ ሰቆጣ ስመደብ መጣ። የዋግ መሬት ወይ ወደ ላይ ነው ወይ ወደ ታች፤ ወደ ታች የሆነውም ቢሆን ሲመለሱ ወደ ላይ ይሆናል።

እኔ ግን ብልህ ነኝና ለዓመታት ዳገት ሳልነካ ኖርሁ። የተከራየሁት ቤት ለመሥሪያ ቤቴ ቅርብ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ ዕቅድ አወጣለሁ፤ ዕቅዱ ለምን እንዳልተፈጸመ ደግሞ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ቦርጬ ከእኔ ቀድሞ ቢሮ መግባት የጀመረው በዚህ ሰሞን ነው። ከዚያ ብርቄን አገባሁ። ብርቄ ሰቆጣ ታስተምር እንጂ ትውልዷ ጋዝጊብላ ነው። አባቷ አያ ኪሮስ ገበሬ ናቸው፤ ቤታቸው ተራራ ላይ ነው። ሰው ሊያገባ ሲል የልጅቷን ጠባይ ያጠናል፣ ዘሯን ያስጠይቃል፤ የወላጆቿ ቤት ምን ላይ እንደተሠራ ግን ማን ይጠይቃል? እኔ አልጠየቅሁም።

በተጋባን የመጀመሪያው ፋሲካ አክፋይ ይዘን ሄድን። አክፋይ ለማያውቅ፣ አማች ከፋሲካ በኋላ ድፎ ዳቦና በግ ይዞ የሚስቱን ወላጆች የሚጠይቅበት ወግ ነው። መኪናው አስከተማ የምትባል ከተማ አውርዶን ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነው። እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁለት ስለሆነ እየዘፈንሁ ወረድሁ። ከወንዙ ማዶ ዳገቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ዘፈኑ ቆመ፤ ቀጥሎ ወሬው ቆመ፤ ከዚያ እኔ ቆምሁ። መንገድ ዳር አንዲት ወይራ ነበረች፣ እሷ ሥር ተዘረርሁ። ብርቄ በጉን እየጎተተች፣ ዳቦውንም ከእኔ ተቀብላ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማ ታየኛለች፤ ትንፋሿ እንኳ ከፍ አላለም።

የዚያ አገር ሰው ታማሚ ሲኖር በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ትከሻ እየተቀያየረ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። በዚያች ሰዓት ታማሚያቸውን አድርሰው ባዶ ቃሬዛ ይዘው የሚመለሱ የብርቄ አገር ሰዎች ደረሱብን።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ አንዱ።

«ደህና ነኝ» ልል አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ፉጨት ብቻ ነው።

«መናገርም አቅቶታል! ያዝ እንጂ ከዚያ!»

ብርቄ «ኧረ ደክሞት ነው» ብትልም ማን ይሰማታል። አነሱኝ። እውነቱን ልናገር፣ ብዙም አልታገልሁም። ፀሐይ እንዳይመታኝ ብለው ፊቴን በጋቢ ሸፈኑልኝ። እኔም ጥላው ሲመቸኝ፣ መወዛወዙም ደስ ሲለኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በጩኸት ነው። አማቶቼ ቤት ደርሰናል። አንዲት ሴት ከላይ ሆና ቃሬዛውን ስታይ፣ ተሸፋፍኖ የሚመጣውን ስታይ፣ ከኋላ በግ የምትጎትተውን ብርቄን ስታይ የሆነው ገብቷታል፤ ማለት ያልሆነው ገብቷታል። መንደሩ በአንድ አፍ አለቀሰ። አማቴ ደረቷን ትመታለች። እኔ ጋቢውን ገልጬ ቀና አልሁና ሌላ የምለው ቢጠፋኝ «እንደምን ዋላችሁ?» አልሁ። የባሰ ጮሁ።

አያ ኪሮስ ግን አልጮኹም። ዱላቸውን ተደግፈው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ሰው አማቹን በበቅሎ ሲቀበል አይቻለሁ» አሉ፤ «በቃሬዛ የተቀበለ እኔ መጀመሪያ ሳልሆን አልቀርም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በመንደሩ ስሜ «የቃሬዛው አማች» ሆነ። ያን ስም ይዤ ተቀመጥሁ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ፤ ጠላው ሲደጋገም ደግሞ አንደበቴ ተፈታና በሰው ፊት ብድግ አልሁ። «የሚመጣው ፋሲካ በእግሬ፣ ዳቦውን ተሸክሜ፣ ማንም ሳይደግፈኝ እዚህ ደጃፍ ካልደረስሁ አማችዎ አይደለሁም!» አልሁ። አያ ኪሮስ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቤቱ በሙሉ በሣቅ ፈረሰ። ኽምጣና የማይችል እኔ ብቻ ነበርሁ። ብርቄን «ምን አሉ?» ብዬ ብጠይቃት «ተወው» አለች። ዓመቱን ሙሉ ጠየቅኋት፣ ዓመቱን ሙሉ «ተወው» አለች።

እንግዲህ መራመድ መለማመድ አለብኝ። ቀላል ይመስላል። በሰቆጣ ግን ሰው ዝም ብሎ አይራመድም። በመጀመሪያው ጧት ከበር ስወጣ ያከራዩኝ አሮጊት እማማ ታደሉ አገኙኝ።

«ወዴት ነው በጧት?»

«የትም እማማ፣ ልራመድ ብዬ ነው።»

«የትም?» አሉ ደንግጠው። «ከብርቄ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

እሳቸውን አስረድቼ ወደ ላይኛው መንገድ ፈጠን ብዬ ታጠፍሁ። መፍጠኔ ሌላ ጣጣ አመጣ። በዚህ አገር የመንግሥት ሠራተኛ በጧት እየተጣደፈ ከሄደ መርዶ ይዟል ማለት ነው። ዘወር ስል ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ተከትለውኛል፤ አንዷ እንባዋን አስቀድማለች። «ማን ነው?» ትለኛለች። «ማንም አልሞተም» ብላት «ደብቀኝ ተብሎ ነው» ብላ ይበልጥ አለቀሰች። እየተከተሉኝ፣ ሌላ ሰው እየተጨመረ፣ መቆም አፍሬ መሄድ ፈርቼ ስንከራተት፣ ደግነቱ አንድ ሰፈር እውነተኛ ለቅሶ ተገኘ። ሁላችንም ገባን። አልቅሼ፣ ንፍሮ በልቼ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገባሁ።

ያኔ ሞባይል ስልክ ሰቆጣ የገባበት ሰሞን ነው። ለወንድሜ ለተስፋዬ ደወልሁለት። ተስፋዬ አዲስ አበባ ያገለገለ ዕቃ ይገዛል፣ ይሸጣል። «ሳትንቀሳቀስ የምትሄድበት ማሽን አለ» አለኝ። «ትሬድሚል ይባላል። አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲገባ ጥሎት የሄደ እጄ ላይ አለ፤ እልክልሃለሁ።» ሳይንቀሳቀሱ መሄድ የሚለው ነገር ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ መሰለኝ።

ማሽኑ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ በወልዲያ በኩል መጣ። ታጥፎ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሯል። ቁመቱ እኔን ያህላል። ተሸካሚዎች ከፊትና ከኋላ ሆነው ትከሻቸው ላይ አደረጉት፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ እከተላለሁ። በመንገድ ያለ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ ቆመልን። አንድ ሽማግሌ አማትበው «ነፍስ ይማር» ሲሉኝ እኔም «አሜን» አልሁ፤ ምን ልበል?

አገጣጠሙ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ቋንቋው ግን ከእኛም ከእንግሊዝኛም ወገን አይደለም። በሥዕሉ ሄድን። ብርቄ ሥዕሉን ታያለች፣ እኔ አጠብቃለሁ፣ እማማ ታደሉ ብሎን ይለቅማሉ። ገጥመን ስንጨርስ እፍኝ ብሎን ተረፈ። ለተስፋዬ ብደውልለት «ከተረፈ አያስፈልግም ማለት ነው» ብሎ አጽናናኝ። ሳሎናችን ወለሉ ጭቃ ምርግ ነው፤ ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ማሽኑ ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ወደ በሩ አዙሮ ሲቀመጥ ዳገት ሆኖ አረፈው። ድንጋይ ብናስገባበት፣ እንጨት ብናነጥፍበት አልቃና አለ። ባሕር ዳር ቢሄድ ኖሮ ሜዳ ይሆን ነበር።

ከማሽኑ ላይ አንድ ቀይ ገመድ ይንጠለጠላል። ጫፉ ልብስ ላይ ይቆነጠጣል፤ ሰውየው ሲወድቅ ገመዱ ይመዘዝና ማሽኑ ይቆማል። እማማ ታደሉ ገመዱን ሸሚዜ ላይ ስሰካ አይተው «እንዳትሸሽ ነው እሚያስርህ?» አሉ። «አዎ» አልኋቸው፤ ብዙም አልተሳሳቱም።

እንዲህ ሆኖ ጉዞ ጀመርሁ። የማሽኑ ጉልበት የሚወሰነው ጎረቤታችን ባለው ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮው እህል ሲፈጭ መብራቱ ይደክማል፣ ማሽኑም እያዛጋ ይሄዳል። ወፍጮው ሲቆም መብራቱ ቦግ ይላል፣ ማሽኑም ያብዳል። ስለዚህ እኔ የምራመደው በገበያው ዓይነት ነበር፤ ማሽላ ሲፈጭ ሽርሽር፣ ወፍጮ ሲያርፍ ሩጫ።

ከወፍጮው ይልቅ የከበደኝ ግን ሽኝት ነው። እማማ ታደሉ ሰው ብቻውን ሲሄድ ማየት አይሆንላቸውም። ገና ማሽኑ ሲነሣ ሲሰሙ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አጠገቤ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጥጣቸውን እየፈተሉ ይሸኙኛል።

«የት ደረስህ?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«የትም እማማ። እዚሁ ነኝ።»

«ይኸን ያህል ሄደህ?» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምነው፣ ምን ያለ ግፍ ነው!»

አሳዘኑኝ። በማግስቱ «የት ደረስህ?» ሲሉኝ «አስከተማን አለፍሁ» አልኋቸው። ፊታቸው በራ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሳሎኔ ተነሥቼ ወደ ጋዝጊብላ እሄድ ጀመር። «አሁን ቁልቁለቱን እየወረድሁ ነው» እላለሁ። «ቀስ በል፣ ጠጠሩ ያንሸራትታል» ይላሉ። ብርቄም ከጓዳ ሆና «ወንዙን ስትሻገር ጫማህን አውልቅ!» ትለኛለች፤ የምታሾፍ ይመስለኝ ነበር፣ በኋላ ግን ድምጿ የእውነት እየሆነ መጣ።

አንድ ቀን እማማ ታደሉ «ከወንዙ ማዶ እህቴ አለች» አሉ። «ደጃፏ ላይ አትጠፋም። ስታልፍ ሰላም በልልኝ።»

«እሺ» አልሁ። ይህን እሺ ከማለቴ በፊት አፌን መቆንጠጥ ነበረብኝ።

በማግስቱ ገና ሳልጀምር «ምን አለች?» አሉ።

«ማን?»

«እህቴ።»

«ደህና ናት።»

«ወገቧስ?»

እንግዲህ የሴትዮዋን ወገብ ከየት ላምጣው? «ተሽሏታል» አልሁ። እማማ ታደሉ እልል አሉ። ወዲያው ግቢው ሁሉ ሰማ፤ ጎረቤት እየመጣ ለዘመዱ ሰላምታ ይልክብኝ ጀመር። አንዷ በጨርቅ የተቋጠረ ዘር ይዛ መጥታ «ለአጎቴ» ስትለኝ ብርቄ ናት ቋጠሮውን መልሳ በሩን የዘጋችው። በመካከሉ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በማሽኑ ላይ ከወይራዋ አልፌ አላውቅም። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ትንፋሼ ያልቃል። ሁዳዴ ገብቷል፣ ፋሲካ እየቀረበ ነው፣ እኔ ገና ወይራዋ ሥር ነኝ። ሌት ተቀን የሚታየኝ ያ ቃሬዛ ነበር።

በዚህ ጭንቅ ላይ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። የምንራመድበት ላስቲክ ደርቆ ያንቋርራል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ለተስፋዬ ደወልሁ። «ከላስቲኩ ሥር የሚቀባ የራሱ ቅባት አለው» አለኝ። «እዚያ አታገኘውም። እኔ እስክልክልህ ሌላ ነገር እንዳትቀባው፣ አደራ።» አደራውን ተቀበልሁና ቫዝሊን ቀባሁት። አንድ ቀን ዝም አለና ባሰበት። የኑግ ዘይት ቀባሁት። ዘይቱ እንደ ሙጫ ሆኖ ላስቲኩን ከነእግሬ ያዘው።

ዓርብ ቀን ነው፤ የፊታችን እሑድ ሆሳዕና ነው። የዓርብ የምሳ እረፍት ረዘም ስለሚል ቤት ገብቼ ማሽኑን እያየሁ አሰብሁ። በዚህ አገር የደረቀ ነገር ሁሉ የሚድነው በምንድን ነው? ፀጉር ሲደርቅ ቅቤ። ቆዳ ሲደርቅ ቅቤ። አያ ኪሮስ ራሳቸው የበቅሏቸውን ኮርቻ ጠፍር በቅቤ ሲያሹት አይቻለሁ፤ ጠፍሩ እንደ ሐር ነው። ላስቲክ ከጠፍር በምን ይለያል? በጓዳችን መደርደሪያ ላይ ደግሞ የብርቄ እናት ለፋሲካ ዶሮ የላከችው፣ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ ማሰሮ ሙሉ አለ። ጾም መሆኑን አልረሳሁም። እንዲያውም አስቤበታለሁ፤ አልቀምሰውም፣ አልበላውም፣ ማሽን ነው የምቀባው፤ ማሽን ደግሞ አይጾምም።

ሸሚዜን ቅቤ እንዳይነካው አወለቅሁት። ስለዚህ ቀዩን ገመድ የምሰካበት ልብስ አልነበረኝም፤ ይህን በኋላ ታዩታላችሁ። ቅቤውን ከላስቲኩ ሥር በእጄ እያስገባሁ አሸሁት፤ ከማሰሮው የተረፈው ጥቂት ነው። ማሽኑን ሳስነሣው፣ ወገኖቼ፣ ድምፁ ጠፋ! ውኃ ላይ የምሄድ ያህል ነበር። ወፍጮ ቤቱ እየፈጨ ነው፤ እኔ በቀስታ፣ ያለ አንዳች ኮሽታ እንሸራተታለሁ። እማማ ታደሉም እንዝርታቸውን ይዘው መጡ። ወንዙን ተሻገርሁ፣ እህትየውን ሰላም አልኋት፣ ዳገቱን ጀመርሁ። ቀስ በቀስ ሞተሩ ጋለ።

እማማ ታደሉ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። «የት ደረስህ?»

«ወይራዋ ጋ ነኝ።»

«ሰው ቤት ገብተህ ነው እንዴ?» አሉ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው። «ቅቤ ቅቤ ይሸተኛል።»

የጋለ የተነጠረ ቅቤ፣ ያውም በሁዳዴ፣ ያውም ሕዝቡ በባዶ ሆዱ ወደ ቅዳሴ በሚሄድበት ሰዓት፣ በመስኮት ወጥቶ መንገዱን ሞላው። ሰው እየቆመ ግድግዳችንን ያይ ጀመር። ሕፃናት «ፋሲካ ደረሰ!» እያሉ ይጮኻሉ። የንስሐ አባታችን አባ ገብሩም ጃንጥላቸውን ይዘው ሲያልፉ ሽታው ደጃፋችን ላይ አቆማቸው። በሩን ገፋ አድርገው «ቤቶች!» ከማለታቸው ወፍጮ ቤቱ ቀጥ አለ።

ማሽኑ አበደ። ከሥሬ ላስቲክ ሳይሆን ቅቤ ነው የሚሮጠው። እግሬ ወደ ወይራዋ፣ ሰውነቴ ወደ በሩ ሄደ። ገመድ የለኝም፣ የሚያቆመኝ የለም። ራቁት ደረቴ በቅቤ እንዳብረቀረቀ በሆዴ ተንሸራትቼ አባ ገብሩ እግር ሥር ተደፋሁ።

«ተነሥ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «ገና ምን እንዳጠፋህ እንኳ አልነገርኸኝም።»

«አባ፣ እኔ አልበላሁም!»

«ማን በላው ታዲያ?»

«ማሽኑ።»

እማማ ታደሉ ሊመሰክሩልኝ ከበርጩማቸው ተነሡ። «እውነቱን ነው አባ። እዚሁ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነበር። ዳገቱን እስኪጀምር ምንም አልሸተተኝም።»

«የቱን ዳገት?»

«የጋዝጊብላን።»

አባ ገብሩ ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ማሽኑን አስጠፉኝ፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ ፈጥነው ቀና አሉ። «ማሽን ጾም የለበትም» አሉ። «የቀባው ሰው ግን አለበት። ይህ ሽታ ስንቱን ምእመን በሐሳቡ አስገድፎት ይሆን? እኔን ራሴን ምራቅ አስዋጠኝ፣ ይቅር ይበለኝ። በሰሙነ ሕማማት ከጎኔ ሆነህ ትሰግዳለህ። ስታርፍ እንዳላይህ።»

ወሬው ከእኔ ይልቅ ይሮጣል። በማግስቱ ገበያ ላይ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሁዳዴ ዶሮ ሠርቶ በላ ተባለ፤ ከሰዓት በኋላ ዶሮው በግ ሆኗል። ብርቄ ግን ወሬ አላስፈለጋትም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሽታው እጇን ይዞ አስገባት። ማሰሮውን ከፈተች፣ ማሽኑን አየች፣ እኔን አየች። «የእናቴ ቅቤ» አለች ብቻ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሽኑ በዚያው አበቃ። ቅቤው ከሞተሩ ገብቶ ሲረጋ እንኳን ሊሮጥ ሊያንቀሳቅሱትም እምቢ አለ። የሰፈር ድመቶች ይልሱት ጀመር።

በሕማማቱ ሰገድሁ። ሌላው ሰው የአቅሙን ይሰግዳል፤ እኔ አባ ገብሩ ቀና ባሉ ቁጥር ቀና፣ በወደቁ ቁጥር እወድቃለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ ናቸው ብዬ የናቅኋቸው ሰው ናቸው። የስቅለት ዕለት ማታ እንደ ሥርዓቱ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ቸብ እያደረጉ «ይህ ለቅቤው» አሉ፤ ትንሽ አሰቡና «ይህ ደግሞ ለማሽኑ» ብለው ጨመሩልኝ። ፋሲካ ሲነጋ ጭኔ የእኔ አልነበረም። ለመቀመጥ ግድግዳ እይዛለሁ፣ ለመነሣት ብርቄን እይዛለሁ። ዶሮው ያለ ቅቤ ቀረበ። «ጣዕም አነሰው» ብል ብርቄ «ቅቤ ያማረው ማሽኑ ላይ ወጥቶ ይሩጥ» አለችኝ። ቢሆንም ፈገግ ስላለች ታርቀናል ማለት ነው።

እንግዲህ ቀኑ ደረሰ። ዳቦዬን በነጠላ አዝዬ፣ ብርቄ በጉን ይዛ፣ አስከተማ ወረድን። በጉልበቴ ያተረፍሁት ነገር ቢኖር ሕመም ብቻ ነው። ቁልቁለቱን እንደ ሸርጣን በጎኔ ወረድሁ፤ ዘፈን አልነበረም። ወንዙ ዳር ስደርስ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ብርቄ ሣቀች። ማዶ አንዲት አሮጊት ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። «እማማ ታደሉ ሰላም ብለዋል» አልኋት፤ ቀጥዬም በፍርሃት «ወገብሽስ?» አልሁ። «ተመስገን፣ ዘንድሮ ተሽሎኛል» አለች። ዓመቱን ሙሉ ከዋሸሁት አንዱ እንኳ እውነት ሆነ ብዬ ልቤ ተነሣሣ።

መነሣሣቱ እስከ ወይራዋ አደረሰኝ። እዚያ ስደርስ ዓይኔ ጨለመ፣ ትንፋሼ ተቆረጠ። ልቀመጥ ጎንበስ ስል ከወይራዋ ጥላ ሥር አያ ኪሮስ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው በቅሎዋ ኮርቻዋ ተጭኖ ቆማለች። ማልቀስ አማረኝ። አላመኑኝም፤ ሰው ፊት ጭነው ሊያስገቡኝ መጥተዋል።

«አባቴ፣ በበቅሎ አልገባም» አልሁ። «ቃል ገብቻለሁ። ብሞት በእግሬ ነው።»

«ማን ውጣ አለህ?» አሉ ተቆጥተው። «የራሴ በቅሎ ናት። ስግደቱ ጉልበቴን ጨርሶት፣ ልቀበላችሁ ብዬ ወርጄ መውጣት አቃተኝ። ይልቅ ደግፈኝና አውጣኝ። ልጓሟንም አንተ ሳብልኝ፣ ለሰው እንዳትናገር።»

ደግፌ አወጣኋቸው። ግራ እግራቸውን እያነከሱ፣ «እህ» እያሉ ነው የወጡት። ልጓሙን ይዤ ከፊት መራሁ። ጥቂት እንደሄድን፣ ትንፋሼ ሊያልቅ ሲል «ቁም እስቲ፣ ኮርቻው ቆረቆረኝ» አሉ። ቆምን። ተመቻችተው እስኪቀመጡ ተነፈስሁ። ደግሞ ሄድን፤ ደግሞ ልወድቅ ስል «ቁም፣ በቅሎዋ ደከማት» አሉ። እኔ በልቤ አዘንሁላቸው፤ እንዲህ ያሉ ጎበዝ ሰው እንዴት ደከሙ! እሳቸው እንዳይሰማቸው ብዬ ደህና መስዬ እየተራመድሁ፣ ኮርቻው እየቆረቆረ፣ በቅሎዋ እየደከማት፣ ደጃፋቸው ደረስን።

እልልታው! ያኔ ያለቀሰችብኝ ሴት ናት የጀመረችው። «የቃሬዛው አማች በእግሩ መጣ! አባቱን በበቅሎ እየሳበ መጣ!» ዳቦውን ከጀርባዬ ሲያወርዱልኝ ደረቴ ተነፍቷል። አያ ኪሮስን ላወርዳቸው ስዞር በጉ ከብርቄ እጅ አመለጠ። አጥሩን ዘሎ ወደ ገደሉ ሮጠ።

«ያዝ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አያ ኪሮስ ናቸው። ከበቅሎዋ ዱብ አሉ። የድንጋዩን አጥር ሳይነኩት ዘለሉት፣ እርከኑን ወረዱ፣ በጉን በኋላ እግሩ ጨብጠው ትከሻቸው ላይ ጣሉት፣ ወጡ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሳቸውም አጥሩ ጋ ሲደርሱ ዓይን ለዓይን ተያየን። ወዲያው ትዝ አላቸውና ማነከስ ጀመሩ፤ ግን በቀኝ እግራቸው።

ብርቄ ጆሮዬ ሥር ተጠጋች። «አምና አባቴ በኽምጣና ያሉትን ልንገርህ?» አለች። «‹አይችልም፤ ግን ግድ የለም፣ ወርጄ አመጣዋለሁ› ነው ያሉት።»

አያ ኪሮስ እያነከሱ አጠገቤ ደርሰው «ምን ያፈዝዝሃል? ግባ እንጂ» አሉኝ። እኔም ባገሩ ወግ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። የሚያማቸው የቱ እንደሆነ ስላልለየሁ ሁለቱንም ሳምሁ።